ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቀረ ፒያኖ

ሠርካዲስ ጡረታ ስትወጣ ፒያኖ ተሸለመች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ልማዱ ተሰናባች መምህርን ጋቢ አልብሶ፣ ኬክ አስቆርሶ፣ ፎቶ አስነስቶ መሸኘት ነበር። በእሷ ጊዜ ግን ለሙዚቃ ክፍሉ አዳዲስ ኪቦርዶች ገብተው ስለነበር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የኖረው አሮጌ ፒያኖ ማረፊያ አጣ። ርዕሰ መምህርቷ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል ካደረጉላት በኋላ ማይክራፎኑን አንስተው፣ «ፒያኖውም ያንቺ ነው፤ ካንቺ ሌላ ማን አባብሎ ያስጮኸዋል?» አሉ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ሠርካዲስም አብራ አጨበጨበች፤ ቀልድ መስሏት ነበር።

ቀልድ አለመሆኑን ያወቀችው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሸጎሌ ኮንዶሚኒየም እሷ ካለችበት ሕንፃ ደጃፍ አንድ አይሱዙ ቆሞ ክላክሱን ሲያንባርቅ ነው። በመስኮት ብቅ ብላ ብታይ ፒያኖው በገመድ ታስሮ፣ ፍራሽ ተደግፎ፣ ጭነቱ ላይ ጉብ ብሏል።

«ማዘር፣ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለ የጫኞቹ አለቃ፣ ዳኜ የሚባል ደረተ ሰፊ ሰው።

«አራተኛ።»

«ሊፍት አለው?»

«የለውም።»

«ችግር የለም። እኛ ስንትና ስንት ቁምሳጥን፣ ስንትና ስንት ፍሪጅ አውጥተናል። ይቺማ ምን አላት?» አለና የፒያኖውን አንድ ጎን ለመሞከር ያህል ከፍ አደረገ። ወዲያው መልሶ አስቀመጠው። ጎኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና፣ «ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» አለ።

«ብረትና ሽቦ ነው።»

«እና ሙዚቃው የቱ ጋ ነው?»

ሠርካዲስ ሳቀች። ዳኜ ግን አልሳቀም። አምስት ሆነው ተሸከሙት፤ «ያዝ! ልቀቅ! ወደ ቀኝ! ያንተ ቀኝ አይደለም፣ የኔ ቀኝ!» እየተባባሉ፣ ግድግዳ እየፋቁ፣ እያረፉ እየተነሱ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ አደረሱት። እዚያ ላይ ነገሩ ቆመ። ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወስደው ደረጃ መታጠፊያው ጠባብ ነበር፤ ፒያኖውን ቢያቆሙትም ቢያጋድሙትም የደረጃው መደገፊያ ብረት አላሳልፍ አለው። ዳኜ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ይሄ ብረት ካልተቆረጠ ንቅንቅ አይልም» ብሎ ፈረደ።

ጫጫታውን ሰምተው ከሦስተኛ ፎቅ አቶ መዝገቡ ወረዱ። አቶ መዝገቡ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ ማን ደረጃ እንዳጠበና ማን እንዳላጠበ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው። ፒያኖውን በመነጽራቸው ላይ፣ ከዚያም በመነጽራቸው ውስጥ ተመለከቱት።

«ብረቱ የጋራ ንብረት ነው» አሉ። «ያለ ስብሰባ አይነካም። ስብሰባው ደግሞ እሁድ ነው።»

«እስከዚያስ፣ አቶ መዝገቡ?» አለች ሠርካዲስ።

«እስከዚያማ እዚሁ ግድግዳው ሥር ጠጋ ይበልና ለሰው መተላለፊያ ይተው። ምን ይደረጋል፣ ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ አይዋጥ አይተፋ ነገር።»

እንዲህ ሆኖ ፒያኖው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አፍናን በምትባል ወጣት ሴት በር አጠገብ ቀረ። አፍናን ነርስ ናት፤ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ቀኑን ሙሉ ከሕፃኗ ጋር ቤት ትውላለች። ሠርካዲስ ይቅርታ ልትጠይቃት ብትጀምር አላስጨረሰቻትም፤ «ኧረ እትዬ ሠርካዲስ፣ ደስ ይበልዎት! ቢያንስ በሬን ስከፍት የማየው አዲስ ነገር ተገኘ» አለችና የፕላስቲክ ወንበር አወጣችላት። «እስቲ ይንኩት፣ ደህና መጥቶ እንደሆነ።»

ሠርካዲስ የተቀመጠችው እውነትም ለዚያ ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ የተሰበረ ነገር እንዳለ ለማየት። ክዳኑን ከፍታ ከታች እስከ ላይ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካች። ከላይ ሁለቱ ድምፃቸው ትንሽ ወርዷል፤ አንዱ ደግሞ እንደ ጉንፋናም ሰው ያንኮራፋል። ሌላው ደህና ነው። ልትነሳ ስትል ግራ እጇ ሳትልከው ወደ ታች ወረደ፤ ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ መታ፣ ዘሎ መሀል ላይ ሦስት አራት ቁልፍ ባንዴ ይዞ ኮርድ መታ፣ ተመልሶ ወረደ። ቀኝ እጇ ተከተለው። ደረጃው በጨዋታ ተሞላ።

ይህ ጨዋታ ከየት መጣ ቢባል፣ ከሩቅ ነው። ሠርካዲስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች አንዲት ቡልጋሪያዊት መምህር ነበረቻት። ሴትዮዋ ክፍል ውስጥ ኮስታራ የክላሲካል ሰው ናት፤ ቤቷ ግን የድሮ ጃዝ ሸክላ ነበራት። ድሮ የሚባለውም ጃዝ ራሱ ገና ልጅ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ሰው ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የሚጫወተው ዓይነት ነው። ግራ እጅ ከባስ ወደ ኮርድ፣ ከኮርድ ወደ ባስ ሲዘል ይውላል፤ ከበሮውም ባሱም እሱ ነው። ቀኝ እጅ ሥራውን ሁሉ ለግራ ጥሎ ላይ ላይ ይቦርቃል፣ ይቀልዳል፣ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል። ሠርካዲስ የመጀመሪያ ቀን ስትሰማው ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት መስሏት ነበር። ሸክላውን ተውሳ ካሴት ላይ ገለበጠችው። ካሴቱን በእስክሪብቶ ወደኋላ እየጠነጠነች፣ እያቆመች፣ እየደገመች፣ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጅታ ሦስተኛውን ጨዋታ በጆሮዋ አጠናችው። ርዕሱን አታውቀውም፤ የማን እንደሆነም ሳትጠይቅ መምህርቷ አገሯ ገባች። ሠርካዲስ በደፈናው «ሦስተኛው» ትለዋለች።

ከዚያ ሆቴል ተቀጠረች፤ እራት የሚበሉ እንግዶች አጠገብ ፒያኖ መጫወት። አንድ ምሽት «ሦስተኛውን» ስትጀምር የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እየተጣደፈ መጥቶ፣ «የኔ እህት፣ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ወዳንቺ ዞሮ ካየ ተሳስተሻል ማለት ነው» አላት። ሠርካዲስም ማንም ዞሮ የማያየው ሙዚቃ መጫወት ለመደች። ዓመታት አለፉ። ሆቴሉ ፒያኖውን በኪቦርድ፣ ኪቦርዱን በሲዲ ሲተካ እሷ አስተማሪ ሆነች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ዶ ሬ ሚ ስታስቆጥር ውላ ቤቷ ስትገባ ጆሮዋ የሚመኘው ዝምታ ብቻ ነበር። ካሴቱንም ቴፑ አላምጦ በላው። ደስታው መቼ ከእጇ እንደወጣ አላስተዋለችም፤ አንድ ቀን ጥሏት የሄደ አልነበረም፣ ቀስ በቀስ ነው የራቀው።

አሁን ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር፣ ጣቶቿ የመጀመሪያውን ክፍል አገኙት። ሁለተኛውንም እየተደናበሩ አገኙት። ወደ መሀል የሚያሻግረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ባዶ ነው። ከመጀመሪያው ጀመረች። እዚያው ላይ ቆመች። እንደገና። እዚያው።

አፍናን ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ጠፋኝ።»

«ውይ! ጥሩ ቦታ ላይ ነበር እኮ።»

በማግስቱ ሠርካዲስ ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ ወረደች። ለልጇ ለሮሐ ደወለች። ሮሐ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ችግኝ ላይ ነው የምትሠራው፤ ስልኩን ስታነሳ ከጀርባዋ ውኃ ሲርከፈከፍ ይሰማል።

«ሮሐዬ፣ እስቲ ኢንተርኔት ላይ አንድ ሙዚቃ ፈልጊልኝ።»

«እሺ እማዬ፣ ርዕሱ ምንድን ነው?»

«አላውቀውም።»

«የማን ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ልፈልግ? ዜማው እንዴት ነው?»

ሠርካዲስ ጉሮሮዋን ጠረገችና በአፏ ባስም ቀኝ እጅም ሆና ዘፈነችው፤ «ዱምታ ዱምታ፣ ቲሪሪም ታታም፣ ዱምታ!» ከወዲያ በኩል በአንድ ጊዜ የብዙ ሰው ሳቅ ፈነዳ።

«እማዬ፣ እጄ ጭቃ ስለሆነ ስፒከር ላይ አድርጌሽ ነበር» አለች ሮሐ እየተንፈቀፈቀች። «ሁሉም ሰምቶሻል። አንዴ ድገሚልን እያሉ ነው።»

ደገመችላቸው። ሙዚቃው ግን አልተገኘም።

በዚያን ዕለት ሠርካዲስ መሀሉን በጉልበት ልታስመልሰው ሞከረች። በወጣትነቷ ትጫወትበት በነበረው ፍጥነት ተነስታ እየሮጠች ብትደርስበት ያሻግረኛል ብላ ነው። ግራ እጇ አንዴ ባሱን ይስታል፣ አንዴ ኮርዱን ይስታል፤ አንጓዋ መጠዝጠዝ ጀመረ። ከሦስተኛ ፎቅ በር በኃይል ተከፍቶ በኃይል ተዘጋ። እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለችና፣ «አርጅተዋል» አለች። «ልጄ፣ በቃ እነዚህ እጆች አርጅተዋል።»

አፍናን ከቤት ውስጥ ዳይፐር እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ግን ለምን ይሮጣሉ?» አለቻት። «ማን አባረርዎት?»

ሠርካዲስ እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሳች። እውነትም ማን አባረራት? ያኔ የሮጠችው የክፍል ጓደኞቿ አፋቸውን ከፍተው እንዲያዩአት ነው። አሁን ደረጃ ላይ ማን አለ?

እጆቿን መለሰች። በዝግታ ጀመረችው፤ አንድ ሰው በእርጋታ ዳገት ሲወጣ በሚረግጠው ልክ። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠላት። በዝግታ ሲሆን ግራ እጅ ለመዝለል ጊዜ አለው፤ ሲያርፍ ደግሞ ያርፋል። ቀኝ እጅ ከምቱ ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ፣ «ቆይ፣ መጣሁ» እንደሚል ሰው እየተንቀባረረ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል አንዲት ቀጭን ክፍተት አለች፤ ውዝዋዜው ሁሉ ያለው እዚያች ውስጥ ነው። በሃያ ዓመቷ እየሮጠች በላይዋ ስትዘላት ኖራለች። የሠርካዲስ ትከሻ ሳታዘው መወዝወዝ ጀመረ። ያ ጉንፋናም ቁልፍ እንኳ ደህና ቦታ ላይ ሲያንኮራፋ ጨዋታውን አሳመረው። ለዚህ ሙዚቃ ፍጹም የተቃኘ ፒያኖ ሳይሆን ትንሽ የሰካከረ ፒያኖ ነው የሚያምርበት ብላ አሰበችና ብቻዋን ሳቀች። ስትነሳ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ረሃቡ እንኳ አልተሰማትም።

ቅዳሜም እንዲሁ ዋለች። ከገበያ የሚመለሰው ዘንቢሉን ፒያኖው ላይ አስደግፎ ያርፋል፣ ትንሽ ይሰማል፣ ይወጣል። መሀሉ ግን አልተመለሰም። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ ትላለች፤ ሁልጊዜም ከላይ የሆነ በር ይዘጋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሆነ። ሌላ ጊዜ የሕንፃው ስብሰባ ሰው አጥቶ ነው የሚበተነው፤ የዚያን ቀን ግን ደረጃው ከታች እስከ ላይ በሰው ተሞላ። አቶ መዝገቡ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ፒያኖው ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«አጀንዳው አንድ ነው» አሉ። «የደረጃው ብረት ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ። ከዚያ በፊት ግን እኔ በግሌ አቤቱታ አለኝ።»

ሠርካዲስ አንድ እርምጃ ቀረበች። በሩን ሲዘጉ የኖሩት እሳቸው መሆናቸውን ገምታ ነበር። «ድምፁ ረብሾዎት ከሆነ ይቅርታ፣ አቶ መዝገቡ...»

«ድምፁ አይደለም!» አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው። «መሀሉ ነው! ሐሙስ ጀምረው ተዉት። ዓርብ ጀምረው ተዉት። ትናንት ስንት ጊዜ ጀምረው ስንት ጊዜ እንደተዉት እግዜር ይወቀው። ምሳዬን ስበላ ጉርሻዬ እጄ ላይ ይቀራል፤ አሁን ይጨርሱታል፣ አሁን ይጨርሱታል እላለሁ፤ ቀጥ! በንዴት ተነስቼ በር እዘጋለሁ። ሰው ጨዋታ ጀምሮ እንዴት እንዲህ አንጠልጥሎ ይሄዳል?»

ደረጃው በሳቅ ተናወጠ። ሠርካዲስም አብራ ሳቀች።

«ረስቼው እኮ ነው» አለች። «መሀሉ ጠፍቶብኛል። ድሮ ከካሴት ነበር ያጠናሁት፤ ካሴቱም የለ።»

«ረስቼዋለሁ?» አሉ አቶ መዝገቡ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆሙ ሁሉ። «እኔ ተማሪዎቼ ፎርሙላ ሲጠፋባቸው ምን እላቸው ነበር መሰለዎት? ከመጀመሪያው ተነሱና ራሳችሁ አውጡት! ያኛውም ሰውዬ እኮ ከራሱ ነው ያወጣው፤ ከሰማይ አልወረደለትም። በሉ ቁጭ ይበሉ።»

አፍናን ወንበሩን ገፋ አደረገችላት። ሠርካዲስ ተቀመጠች። በሆቴሉም በትምህርት ቤቱም ስትጫወት የኖረችው ሌሎች የጻፉትን፣ ሌሎች የመረጡትን ነው፤ «ሦስተኛውን» ራሱ ስታጠናው አንዲት ኖታ እንዳትስት ተጠንቅቃ ነበር። ከራስሽ አውጪ ያላት ሰው አልነበረም።

በዝግታ ጀመረችው። የመጀመሪያው ክፍል ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ያ ቦታ ሲመጣ ግራ እጇን፣ «አንተ ብቻ አትቁም» አለችውና ቀኝ እጇን ዝም ብላ ወደ ባዶው ለቀቀችው። የመጀመሪያዋ ኖታ ስህተት ሆነች። ጆሮዋን ወጋት። ልትቆም ምንም አልቀራትም፤ ግን ያችኑ ስህተት ሆን ብላ ደገመቻት። ሁለተኛ ስትደገም ስህተት መሆኗ ቀረ፤ ሦስተኛ ስትደገም ቀልድ ሆነች። በዚህ መሀል ከግቢው በር ውጭ አንድ የታክሲ ረዳት ጉሮሮው እስኪነቃ ይጣራል፤ «ጉለሌ-ጉለሌ-ጉለሌ፣ ጉለሌ!» ቀኝ እጇ ምቱን ቀልባ ላይ ላይ መለሰችለት፤ ሦስት ፈጣን፣ አንድ ረጅም። ነገሩ የገባቸው ከታች ደረጃ ጮኹ። እንደገና ረዳቱ ተጣራ፤ እንደገና ፒያኖው መለሰ። ሠርካዲስ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች መሀሉን ተሻገረችው፤ የመጨረሻውን ክፍል፣ ጠፍቶ ያልነበረውን ክፍል፣ ወዲያ ማዶ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። የመጨረሻውን ኮርድ በሁለት እጇ ስትጥለው ግድግዳው አስተጋባ።

አቶ መዝገቡ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እፎይ» አሉ። «አሁን ወደ አጀንዳው።»

ብረቱ ይቆረጥ የሚለው በጭብጨባ አለፈ። የተቃወመች አፍናን ብቻ ናት፤ «ከደጄ ሊወስዱብኝ?» ብላ። መሸሻ የሚባል በያጅ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቁ መጥቶ ብረቱን ቆረጠ። ፒያኖው ሲያልፍ መልሶ ሊበይደው ቃል ገባና እሱም ከተሸካሚዎቹ ተቀላቀለ። ዳኜ ተጠርቶ መጣ፤ ግን የዚያን ቀን ተሸካሚ አልጠፋም። የሕንፃው ወንዶች በሙሉ፣ ከሴቶችም ግማሹ፣ ፒያኖውን ከበቡት። አቶ መዝገቡ ከላይ ሆነው አንግል ይለካሉ፤ «ሠላሳ ዲግሪ ወደ ግራ! ሠላሳ አልኩ፣ ይሄ አርባ አምስት ነው!» ዳኜ ከታች፣ «ጋሼ፣ በአማርኛ!» እያለ ይጮኻል። አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ሳሎኑ ሁለቱን አልችል ሲል ትልቁ ሶፋ ወጥቶ ወደ አፍናን ቤት ወረደ፤ አፍናንም ለተወሰደባት ካሳ አድርጋ ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲያ የሠርካዲስ ቀን ሌላ መልክ ያዘ። ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ትቀመጣለች። «ሦስተኛው» ሁልጊዜ ይጫወታል፤ መሀሉ ግን አንዱ ቀን ከሌላው አይገጥምም። ዝናብ ሲሆን ሌላ ነው፣ እንግዳ ሲኖር ሌላ ነው። አንዳንዴ መሀሉ ላይ ገብታ መውጫው ይጠፋታል፤ ያኔም ግራ እጇ ዱምታ ዱምታ እያለ ይጠብቃታል፣ እሷ ደግሞ እየሳቀች መንገድ ትፈልጋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሮሐ ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ጫማዋ ላይ የእንጦጦ ቀይ አፈር አለ። ስልኳን እያወዛወዘች፣ «እማዬ፣ አገኘሁት፣ ሙሉ ሸክላውን! አንድ ባልደረባዬ ያኔ ስትዘፍኚ ቀርፆሽ ኖሮ ሲፈልገው ነው የሰነበተው» አለች።

ሠርካዲስ ጨዋታዋን አቁማ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገችና አዳመጠች። እሱ ራሱ ነበር፤ ሸክላው ሲንጫጫ እንኳ ያው ነው። መሀሉ ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ያዘች። እሷ ካወጣችው ጋር በአንድም ነገር አይገናኝም። አጭር፣ ለስላሳ፣ በጣም የሚያምር ነበር። ጉንጮቿ ላይ እንባ ወረደ፤ ፊቷ ግን ፈክቷል።

«ታዲያ ከእንግዲህ ይሄንኛውን ነው የምትጫወቺው?» አለች ሮሐ።

«ይሄንንም አጠናዋለሁ» አለች ሠርካዲስ እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ እየጠረገች። «የሰውዬውን ለሰውዬው ክብር እጫወታለሁ። የኔን ደግሞ ለኔ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ፒያኖው መለሰች። «አሁን ግን እስቲ ቀጥሎ ያለውን አሰሚኝ። አራተኛውን። ያኔ በጣም ከባድ ነው ብዬ ሳልነካው የተውኩትን።»

ሮሐ ስልኩን ፒያኖው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ሠርካዲስ የመጀመሪያዎቹን ምቶች ሰማች፣ «አስቁሚው» አለች፣ ግራ እጇን ወደ ባሱ ላከች። ሳተች።

«መልሺው» አለች እየሳቀች።